አሥራ ስድስት ስልክ፣ አንድ ከበሮ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቪዲዮ ቡድኑ አባላት ያቀረቡት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥረነዋል።)



ሰብሳቢያችን «በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የምትልኩት ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ንገሩን፤ መማር የሚፈልጉም አሉ» ስላሉን ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምነው። እኛ አምስት ነን። ስንጀምር ከአምስታችን ኮምፒዩተር ከፍታ የምታውቀው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምትችለው የቁጠባውን መዝገብ መሙላት ነበር። ሁለታችን እንጀራ ጋጋሪዎች ነን፣ አንዷ በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ይህን የምንለው ራሳችንን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ የባለሙያ ንግግር እንዳትጠብቁ ብለን ነው። የምንነግራችሁ የደረስንበትን፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የተበላሸብንን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2012 ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሳምንቱ ቁጠባችን ቆመ ማለት ይቻላል፤ ገንዘብ ያዣችን አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና በየበሩ እየዞረች የቻለችውን ያህል ትሰበስብ ነበር። ከሁሉ ያሳሰበን ግን የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ነው። አዲስ አባላት ላታውቁ ስለምትችሉ እንናገር፤ ያ ቀን የምንዘፍንበት ብቻ አይደለም። ደጋፊዎቻችን የሚመጡበት፣ በርበሬውና ሽሮው የሚሸጥበት፣ ለዓመቱ የብድር ሣጥናችን ትልቁ ገንዘብ የሚገባበት ቀን ነው። ዘፈኑ ከሌለ ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ በጥቅምት ለልጇ ደብተር፣ ለምጣዷ ማገዶ የምትበደር እኅት ሣጥኑን ባዶ ታገኘዋለች።

«በዙም እንዝፈን» ያለችው ከእኛ አንዷ ናት፤ ስሟን አንጠራም፣ ዛሬም ድረስ ስንስቅባት ይበቃታል። ስድስት ሆነን ሞከርነው። አውጪዋ አወጣች፤ ተቀባዮቹ በተለያየ ጊዜ ተቀበልን። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ገና ትጀምራለች። ይባስ ብሎ የአንዷ ድምፅ ጎላ ሲል የሌሎቻችን ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። የጎረቤት ልጆች በመስኮት እያዩ ይስቁብን ነበር።

ያን ጊዜ «ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ነው» ብለን ነበር። ኋላ ግን ጥሩ ኔትወርክ ቢኖርም እንደማይሆን ተማርን። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ድምፅ በአየር ላይ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሥር ሜትር ተራርቀን ብንቆም የአንዷ ድምፅ ሌላዋ ጋ የሚደርሰው ሰኮንድን ለመቶ ከፍለን ሦስቱን እጅ ያህል ዘግይቶ ነው። አብሮ መዝፈን እስከዚያ ድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ እርስ በርስ መጠባበቅ ይጀመራል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። በኢንተርኔት ስንነጋገር መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰኮንድ አንድ አሥረኛ በላይ ነው። ሠላሳና አርባ ሜትር ርቃ ከቆመች ሴት ጋር እንደ መዝፈን ነው ማለት ነው፤ ያውም እያንዳንዳችን የምንሰማው መዘግየት ለየብቻው ነው። ዙም ደግሞ የተሠራው ለወሬ ስለሆነ አንድ ሰው ሲናገር የሌላውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይጫነዋል። እልልታን ምን ብሎ እንደሚቆጥረው ለእናንተ እንተወው።

ታዲያ በየቤቱ ሆኖ አብሮ የተዘፈነ የሚመስለው ቪዲዮ እንዴት ይሠራል? ሚስጥሩ አብሮ አለመዘፈኑ ነው። እያንዳንዷ ለብቻዋ፣ በምቹ ሰዓቷ ትዘፍናለች፤ አንድ የሚያደርገው ኋላ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ዊታከር ነው። በፈረንጆቹ 2010 ከ12 አገሮች የተውጣጡ 185 ሰዎች በየቤታቸው ሆነው የዘፈኑትን አንድ ላይ አቀናብሮ አውጥቷል። ዘማሪዎቹ የተከተሉት እሱ ራሱ ብቻውን ሆኖ እጁን እያወዛወዘ ሲመራ የተቀረፀውን ቪዲዮ ነው። ይህን ያሳየችን የአንዷ አባላችን ልጅ ናት። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ስቱዲዮ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሰርግ ሲቀር ሥራዋም ቀረ። «እናንተ ቡና አፍሉልኝ፣ እኔ አስተምራችኋለሁ» አለችን። ለሦስት ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት እየሆንን፣ በር ከፍተን ተማርን።

የመጀመሪያው ትምህርታችን «መሪ ድምፅ» ነው። ሁሉም በጆሮዋ እየሰማች የምትከተለው አንድ ቅጂ ማለት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን ሜትሮኖም የሚባል፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይጠቀማሉ። እኛም በሱ ሞከርን፤ አልሆነልንም። የእኛ የበዓል ዘፈን እንደ ሰዓት አይሄድም። ቀስ ብሎ ይጀመራል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ከበሮ መቺዋ ትከሻዋ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል። ጠቅ ጠቁን ተከትለን የዘፈንነው ሙሾ መሰለ። ስለዚህ ሜትሮኖሙን ትተን ከበሮውን ራሱን ቀረፅን፤ መሪ ድምፃችን አንዲት አውጪና አንድ ከበሮ ሆነ። ይህ እስከ ዛሬ ያልለወጥነው ነው። አውጪዋን ስንመርጥ ግን ትልቅ ስሕተት ሠራን፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሁለተኛው ችግር ስልክ ነው። በአንዱ እየሰማሽ በሌላው ትቀርጫለሽ፤ ሁለት ስልክ ያስፈልጋል። ከአባሎቻችን ሁለት ስማርት ስልክ ያላት ማን አለች? መላውን ያገኙት አንዲት እናታችን ናቸው። የድሮው ባለ ቁልፍ ቀፎ ሚሞሪ ካርድ ከገባለት ዘፈን ያጫውታል፤ እሳቸው በዚያ ስብከት ይሰሙ ነበር። መሪ ድምፁን በሚሞሪ ካርድ ቀዳንላቸው፣ በርካሹ ባለ ገመድ ኢርፎን በአንድ ጆሯቸው ሰሙ፣ የልጅ ልጃቸው በስማርት ስልኩ ቀረፃቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም በዚያው መንገድ ሄደ። ባለ ገመድ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብሉቱዝ ኢርፎን ድምፁን አዘግይቶ ነው ጆሮ የሚያደርሰው፤ በብሉቱዝ እየሰማች የዘፈነች እኅት ሳታውቀው ከሁሉም ኋላ ትቀራለች። ኢርፎን ሳይሰኩ ከስልኩ ጮክ ብሎ እየተሰማ መቅረፅም አይሆንም፤ ከበሮው ከድምፅሽ ጋር ይቀረፃል፣ አሥራ ስድስት ሰው እንዲህ ካደረገ አሥራ ስድስት ከበሮ ይሰማል።

ከዚያ ጭብጨባው አለ። መሪ ድምፁ ላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ተብሎ ከተቆጠረ በኋላ ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር አድርጋ ታጨበጭባለች። ኮምፒዩተሩ ላይ ድምፅ እንደ ተራራ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ያቺ ጭብጨባ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አሥራ ስድስቱን መርፌ አንዱን ከአንዱ በላይ በቀጥታ መስመር መደርደር ነው። ልብስ ሰፊዋ እኅታችን ከሁላችንም ቀድማ የገባት ለዚህ ነው። «ይሄማ ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ጠርዙን ማጋጠም ነው» አለች፤ እስከ ዛሬም የማጋጠሙ ሥራ የሷ ነው።

በዘፈኑ መሀል የሚጨበጨበው ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ሴት ያለ ጭብጨባ መዝፈን ይከብዳታል፤ እኛም ከለመድነው አልወጣንም። አሥራ ስድስታችንም አጨብጭበን ላክን። ሲቀናበር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሆነ፤ ምክንያቱም መዝፈንን በጥቂቱ ማሳሳት ይቻላል፣ ጭብጨባ ግን ስለታም ነው፣ በፀጉር ያህል ካለፈ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ምልክት በኋላ ሁላችሁም አጨብጭቡ፣ እጃችሁ ግን አይጋጭ። የሚሰማው ጭብጨባ የከበሮ መቺዋ ባልደረባ የአንዷ ብቻ ነው። እልልታም ሕግ ወጥቶለታል። እልል ስትሉ ፊታችሁን ከስልኩ ወደ ጎን መልሱ። የስልክ ማይክሮፎን የእናቶቻችንን እልልታ አይችልም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በፕሮግራም እንደ ነበረ አድርጎ መጠገን ያስቸግራል።

በዚህ መሀል ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ግድም ቆየ። ቅጂው ሁሉ በቴሌግራም ይላካል ብለን ነበር የተዘጋጀነው። የሰባት እኅቶች ቪዲዮ ገና አልደረሰንም። ምን ይደረግ? የገንዘብ ያዣችን ልጅ ፍላሽና ካርድ ማንበቢያ ይዞ፣ እናቱ ቁጠባ በምትሰበስብበት መንገድ ቤት ለቤት ዞረ። ሁለት ነገር ተማርንበት። አንደኛ፣ የማቀናበሩ ሥራ ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ፕሮግራሞቹ አንዴ ከተጫኑ ይበቃል። ሁለተኛ፣ በካርድ የመጡት ቪዲዮዎች በቴሌግራም ከመጡት ይልቅ ጥርት ያሉ ነበሩ። ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ስትልኩት ግን እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ውጭ ላላችሁ እኅቶቻችን ደጋግመን እንለምናለን፤ በፋይል ላኩልን።

ስለ ጥራት አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ሞልቶ ትቸገራላችሁና። ቅንብሩ አራት በአራት ሆኖ አሥራ ስድስት መስኮት አለው። የመጨረሻው ምስል ስፋቱ 1920 በ1080 ነጥብ ቢሆን ለእያንዳንዷ የሚደርሳት 480 በ270 ብቻ ነው። ስለዚህ ስልካችሁን በትልቁ ጥራት ማድረግ ቦታ መጨረስ ነው፤ 720 የሚለው ከበቂ በላይ ነው፣ ፋይሉም ግማሽ ያህል ይሆናል። ይልቅ ብርሃኑን ተጠንቀቁ። መስኮቱ ከኋላችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ ይሁን፤ ስልኩንም አጋድሙት።

ብርሃኑ ለመልክ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ ያስለቀሰን ነገር ነበር፤ መርፌዎቹን አጋጥመን ስንጨርስ መጀመሪያው ላይ አፍና ድምፅ ይገጥማል፣ ወደ መጨረሻው ሲሄድ የሁለት እኅቶች አፍ ቀድሞ ይዘጋና ድምፃቸው ይቀጥላል። ጥፋቱ የእነሱ መስሎን እንደገና እንዲዘፍኑ አደረግናቸው፤ አሁንም እንደዚያው። ኋላ አስተማሪያችን አገኘችው። ስልክ በሰኮንድ 30 ሥዕል ያነሳል እንላለን እንጂ ቤቱ ጨለም ሲል 24ም 20ም እያለ ይለዋውጣል። የማቀናበሪያው ፕሮግራም ደግሞ ሁሉንም 30 ነው ብሎ ይቆጥራል። መፍትሔው ሀንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን አስቀድሞ ቋሚ ቁጥር ወዳለው መለወጥ ነው። ዛሬ የሚመጣውን ሁሉ ሳንጠይቅ በዚያ ውስጥ እናሳልፈዋለን። እነዚያን ሁለት እኅቶቻችንን ግን ያለ ጥፋታቸው ሦስት ጊዜ አዝፍነናቸዋል፤ እዚህ አሉ፣ በድጋሚ ይቅርታ እንላለን።

የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ነፃ ናቸው። ለምስሉ ሾትከት፣ ለድምፁ ኦዳሲቲ። ላፕቶፓችን ከደጋፊዎቻችን አንዱ ያገለገለውን የሰጡን ነው፤ አሥራ ስድስት ቪዲዮ በአንዴ አይሸከምም። እኛም አራት አራቱን አንድ መደዳ እያደረግን አውጥተን፣ አራቱን መደዳ ኋላ ደራረብናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር የሠራነው ይጠፋ ነበርና ዛሬ ከእኛ አንዷ ሥራዋ በየአምስት ደቂቃው «ሴቭ አድርጊ» ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፤ ተራ አለው።

አሁን ወዳቆየነው ስሕተት እንምጣ። እዚህ ፊት የተቀመጡትን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ በየበዓሉ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ይህን የምንናገረው ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው፤ «ተናገሩ፣ ምን ያሳፍራል» ብለውናል።

በመጀመሪያው ዓመት መሪ ድምፁን ያስቀረፅነው በእሳቸው አይደለም። ድምፀ መልካም የሆነች ወጣት እኅት አለችን፤ ስልክም ጎበዝ ናት፣ ቶሎ አለቀልን። ስልክ የምትችለዋን መረጥን እንጂ ዘፈን የሚችሉትን አልመረጥንም። እማማ እንደ ሌሎቹ ኢርፎን ጆሯቸው ላይ ተሰክቶ፣ ግድግዳ እያዩ፣ የማያዩትን ሰው ተቀበሉ። ቅጂያቸው ሲመጣ ድምፃቸው ከመሪው ኋላ ይቀራል፤ ያውም በአንድ ልክ አይደለም፣ አንዳንዱ ቦታ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠፋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር፤ በነጋታው መላክ አለበት። ከእኛ አንዷ ድምፃቸውን የሚዘጋውን ቁልፍ ነካች። ዘፈኑ ጥርት አለ። ማናችንም ምንም አላልንም። ወስነን ነው ማለት ይከብደናል፣ አልወሰንንም ማለትም አንችልም።

ጠዋት ከመላካችን በፊት እሳቸው ሊያዩ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አዩ፣ ፈገግ አሉ፣ ደግመው እንድናጫውት ጠየቁ። ከዚያ

«ልጄ፣ እኔ የታለሁ?» አሉ።

«ይኸው እማማ፣ ከላይ ከግራ ሁለተኛዋ እርስዎ ነዎት።»

«እሱማ መልኬ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ድምፄን ነው።»

ከአሥራ ስድስት ድምፅ መሀል የአንድ ሰው ድምፅ መጉደሉን ማንም አይለየውም ብለን ነበር። ዝም አልን። እሳቸውም ትንሽ ቆዩና «ካልሆነ መልኬንም አውጡት፤ አፌን ለምን ታንቀሳቅሱታላችሁ?» አሉ። ተቆጥተው አይደለም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ቪዲዮው በዚያ ቀን አልተላከም። ሁለት ሌሊት ተቀመጥን። የእሳቸውን ድምፅ ስንኝ በስንኝ ቆርጠን፣ እያንዳንዱን ወደ ፊት እየገፋን ቦታው ላይ አስቀመጥነው። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ድምፅ ሲቆረጥ በትንፋሽ መሀል መቁረጥ ነው፣ የተቆረጠበትን ጠርዝ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲገባ ማለስለስ፣ አለዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ይተዋል። አፋቸውና ድምፃቸው እንዳይለያይ ምስሉንም አብረን ቆረጥነው። ስታዩት ምስሉ አንዳንድ ቦታ ትንሽ ይዘላል፤ ያ ነው ምክንያቱ። ስንቆርጥ ስንቆርጥ ደግሞ የዘገዩበት ነገር ገባን። እሳቸው ተቀባይ ሆነው አያውቁም። አውጪ ስለሆኑ ከራሳቸው በኋላ የሚመጣውን ሰው ይጠብቃሉ፤ ጆሯቸው የለመደው ያንን ነው። ኢርፎኑ ውስጥ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት መሪ ድምፁን እሳቸው ቤት ግቢ ሄደን ቀረፅን። ከበሮ መቺዋን አጠገባቸው፣ ሦስት ተቀባዮች ፊታቸው አስቀመጥን። ኢርፎን አልሰጠናቸውም። በአንድ ጊዜ አለቀ። ያን መሪ ድምፅ ተከትለው የዘፈኑት ሁሉ ካለፈው ዓመት ይልቅ ተገጣጥመው መጡ፤ ከመሳሪያም ከፕሮግራምም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዛሬ ሌሎች ማኅበራት መጥተው ሲጠይቁን ከሁሉ አስቀድመን የምንነግራቸው ይህን ነው፤ ከእናንተ መሀል ኢርፎን ሰክታ መከተል የማትችል እናት ካለች፣ መሪ ድምፁን እሷ ታውጣው።

የሦስተኛውን ዓመት ነገር ለደጋፊዎቻችን ልንናገር ይገባል፤ ያን ጊዜ ከእናንተ አንዳንዶቹ ደውላችሁ «ቪዲዮው ላይ ውሃ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ተበላሽቶ ይሆን?» ብላችሁን ነበር። በወቅቱ «እናየዋለን» ብለን አለፍነው። አልተበላሸም። ቤሩት ያለች የአንዷ አባላችን ልጅ ናት።

ከመሄዷ በፊት አብራን ትዘፍን ነበር። መሪ ድምፁን በቴሌግራም ላክንላት። ሰው ቤት ስለምትሠራ ስልክ የምትይዘው ማታ አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታ፣ በሹክሹክታ ዘፍና ላከችልን። ምስል የለውም፤ ቤቱን መቅረፅ አይፈቀድላትም፣ እሷም ፊቷ እንዲታይ አልፈለገችም።

ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ከፍ ስናደርገው ውሃውም አብሮ ከፍ ይላል። ኦዳሲቲ የጀርባ ጫጫታ የሚቀንስበት መላ አለው፤ ሰው ሳይናገር ጫጫታው ብቻ የሚሰማበትን ጥቂት ሰኮንድ ታሳይዋለሽ፣ እሱም ያንን ከሌላው ላይ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሁላችሁንም «ከመዝፈናችሁ በፊት አምስት ሰኮንድ ዝም በሉ» የምንላችሁ። የማቀዝቀዣን ድምፅ በደንብ ያጠፋል። ውሃው ግን ሰፊ ድምፅ ነው፤ ሹክሹክታም ሰፊ ድምፅ ነው፣ ተመሳሰሉበት። ውሃውን ስናጠፋ ልጅቷም አብራ ትጠፋለች፤ የቀረው ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ሆነ። ጥቂት ብቻ ቀንሰን ውሃውን ተውነው። በመስኮቷ ላይ በጳጉሜን ከከተማ ወጣ ብለን ያነሳነውን የአደይ አበባ ፎቶ አደረግን።

ቪዲዮው ከተላከ በኋላ እናቷ ቢሮ መጣች። «የእሷን ለብቻው ታሰሙኛላችሁ?» አለች። ኦዳሲቲ ላይ ሶሎ የሚባል ቁልፍ አለ፤ ስትነኪው የአንዷ ብቻ ቀርቶ የሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ነካነው። ውሃውና ልጅቷ ቀሩ። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ከስታለች» አለች። ምስል እንደሌለው ስንነግራት «አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሬውን ቅጂ አናጠፋም። ቀድሞ ቦታ ስለሚጨርስብን ቅንብሩ ሲያልቅ እንደመስሰው ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ጥሬ ቅጂ የለንም፣ ይቆጨናል። አሁን የእያንዳንዷ ቅጂ በስሟና በዓመቱ ይቀመጣል፣ ባለቤቲቱ ወይም ቤተሰቧ ከጠየቁ በፍላሽ እንሰጣለን። ፊት እንዲታይ ወይም እንዳይታይ የምትወስነው ዘፋኟ ብቻ ናት፤ አንዴ ፈቅዳ ኋላ ብትለውጥም አውጥተን እንደገና እናቀናብራለን።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን እንናገር። ቪዲዮ ብቻውን በርበሬ አይሸጥም። ቪዲዮው በተላከ በሳምንቱ ለእያንዳንዱ ደጋፊ ካልተደወለ ትዕዛዝ አይመጣም፤ የሚደውሉት ደግሞ እዚያ የተቀመጡት የሽያጭ እኅቶች ናቸው። የብድር ሣጥኑ ግን በ2013 ጥቅምት ባዶ አልነበረም። ዛሬ ተሰብስበን በአካል መዝፈን እየቻልን ቪዲዮውን ያልተውነው በዓረብ አገርም፣ በአሜሪካም፣ በክፍለ ሀገርም ያላችሁት «እኛስ?» ስላላችሁ ነው።

የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ጥሬ ቅጂዎቹ ያሉት አንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ሌላ ማስቀመጫ ዲስክ ያስፈልገናል፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመማር የምትመጡ ሦስት እኅቶች እንፈልጋለን። አስተማሪያችን ሰርጉ ተመልሶላት ሥራ በዝቶባታል፤ አሁን የምናስተምረው እኛ ነን። ማንበብና መጻፍ ከቻላችሁ ይበቃል።

የዘንድሮው መሪ ድምፅ እንደተለመደው በእማማ ወጥቷል። ከሐምሌ 20 ጀምሮ ቢሮ ይገኛል፤ ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ኑ፣ ውጭ ላላችሁት በቴሌግራም እንልካለን። ቅጂያችሁ እስከ ነሐሴ 15 ይድረሰን። ባለ ገመድ ኢርፎን የሌላት ከቢሮ ትዋሳለች፣ ስድስት አለን፤ አምና የወሰዳችሁት ሁለቱን መልሱልን።